የኢድሪስ ጅግሮች

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ላይ ባዛር ተከፍቶ ነበር። እኔ የሄድኩት ሚስማር ልገዛ ነው፤ ዕቃ ይረክሳል ሲሉ ሰምቼ። በፕላስቲክ ባልዲና በሕፃናት ጫማ መሐል እያለፍኩ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የብስክሌት ካቴና በጥርስ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ክር ክር ክር ይልና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጧ ይላል። እግሬ ቀጥ አለ። ያቺን ጧ አውቃታለሁ። ከጥርሶቹ አንዷን በወጣትነቴ ስበይዳት ብረት አብዝቼባት ወፈር ብላ ቀርታ ነበር፣ ካቴናው እሷን በረገጠ ቁጥር እንዲህ ይጮሃል። ላለፉት ብዙ ዓመታት ከወዳጄ ከኢድሪስ ጋር የሠራነውን የዒላማ ጨዋታ ማሽን አፈር በልቶታል ብዬ ነበር የማስበው። ሰው እየገፋሁ ወደ ድምፁ ሄድኩ።

ሸራ ተወጥሮ፣ በሸራው ሥር ማሽኑ ቆሟል። ቀለም ተቀብቷል፣ በፔዳሉ ፋንታ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞለታል፣ ግን እሱ ነው። ከፊቱ ሁለት ሰልፍ ነበር። ሰው ለምን በሁለት እንደተሰለፈ መጀመሪያ አልገባኝም። ቀረብ ስል አየሁት። ድሮ ጅግሮች በሚዞሩበት ካቴና ላይ ከላሜራ የተቆረጡ ሰዎች ይዞራሉ። ገሚሱ ጥምጣም የጠመጠመ፣ ረጅም ነጭ የለበሰ ሰው ነው። ገሚሱ ጋቢ የደረበና ዱላ የያዘ ሰው ነው። በግራ የተሰለፈው አንዱን ይመታል፣ በቀኝ የተሰለፈው ሌላውን። የሚተኩሱት በአየር ጠመንጃ ነው፤ ላሜራው በተመታ ቁጥር ሰልፉ ይስቃል።

ባለቤቱን ጠየቅሁት። ኮፍያ ያደረገ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። «ይሄን ማሽን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከመጋዘን በጨረታ ነው የገዛሁት አባባ። አሮጌ ብረት ተብሎ ተጥሎ ነበር።»

«ሰዎቹንስ ማን ሰቀላቸው?»

«እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወፍ ነበረበት፤ ዛሬ ወፍ ማን ይመታል? እነዚህን ስሰቅል ግን ይኸው ሰልፉን ይዩት። ሁሉም የራሱን ይመርጣል።» ከዚያ ፊቴን አየና ጨመረ፤ «ጨዋታ ነው እኮ አባባ።»

ጨዋታ ነው አለኝ። ለእኔ። በእነዚህ ዓመታት እዚህ አገር ለቅሶ ያልተቀመጥንበት ወር ትንሽ ነው፤ መንገድ ወጥቶ የቀረ፣ እርሻው ላይ የቀረ፣ ከሁሉም ቤት አለ። ያ ሁሉ እያለ አንድ ሰው ላሜራ ቆርጦ፣ በኢድሪስ ማሽን ላይ ሰቅሎ፣ ጨዋታ ነው ይለኛል። ጨዋታው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ።

እኔ ይመር እባላለሁ። ከወሎ በሰፈራ መኪና ተጭነን ስንመጣ ገና ጺም አላወጣሁም ነበር። ስም ሳይሆን ቁጥር የተሰጠው መንደር ውስጥ አሰፈሩን። እርሻው ለአባቴ ሆነ፤ እኔ ግን እጄ ብረት ይወድ ስለነበር ከተማ ገባሁና ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ብስክሌት መጠገን ጀመርኩ። ጎማ መለጠፍ ሃምሳ ሳንቲም፣ ፍሬን ማጥበቅ ስሙኒ። ያኔ አሶሳ ብስክሌት ያለው ሰው ዛሬ መኪና ካለው ይበልጥ ይከበር ነበር። ቅዳሜ የበርታ ሴቶች ከመንጌ በኩል ቀይና ቢጫ ቶብ ተከናንበው ሲመጡ መንገዱ ይበራል። የኛ ሰፋሪ ጎረምሶች ደግሞ ሰፊ የቴትሮን ሱሪና የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ አድርገን፣ ጠጉራችንን አጎፍረን እንቆማለን። ሻይ ቤቱ ሬዲዮ ነበረው። ቀን በአማርኛ ይዘፍናል፣ ወደ ማታ ባለቤቱ ቁልፉን ትንሽ ሲያዞረው ከሱዳን በኩል የዑድ ድምፅ ይመጣል። አንድ ቤት ውስጥ ሻይ ብንጠጣም የኛ ሰዎችና የነሱ ሰዎች ለየብቻ ነበር የምንቀመጠው። ማንም ለዩ አላለንም። እንዲያው ቋንቋው አጠረን፣ ፍርሃቱም ነበረ።

ኢድሪስን ያወቅሁት እዚያ ማንጎ ሥር ነው። የበርታ ሰው ነው፣ በዕድሜ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጣል፤ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለት ጣቱን ወስዶበታል። እኔ እንደ አገሬ ደንብ አንቱ ስለው ይስቃል፤ «አንቱ ማን ነው? እኔ አንድ ሰው ነኝ» ይለኛል። የወፍጮው ሞተር ነክሶ ቀረና ባለቤቱ ቤቱን ሲዘጋ፣ ኢድሪስ በደመወዙ ፋንታ ቺንጋው የሚዞርባቸውን ፑሌጃዎችና ብረታ ብረቱን ወሰደ። አንድ ቀን በአህያ ጋሪ ጭኖ አመጣና ከፊቴ አራገፈው።

«ይመር፣ ይሄ ብረት እህል ፈጨ፣ ደከመ። አሁን ይጫወት» አለኝ።

በወጣትነቱ ድንበር ተሻግሮ ሄዶ አንድ ከተማ ውስጥ የዒላማ ጨዋታ አይቷል። የሚንቀሳቀስ ወፍ፣ በቡሽ የሚተኩስ ጠመንጃ። ያየው አንዴ ነው፣ ከኋላው ምን እንዳለ ግን አላሳዩትም። ያን ያላየውን ነገር አንድ ሙሉ ክረምት ማንጎው ሥር ተቀምጠን ፈለግነው።

ሥራውን በደንብ ልናገር፤ ዛሬ ሁሉም ነገር ከሳጥን ተሠርቶ ስለሚወጣ ሰው አስቦበት የተሠራ አይመስልም። ሦስት የብስክሌት ካቴና ቀጥለን አንድ ረጅም አደረግን፣ በሁለት የጥርስ ጎማ ላይ ወጠርነው። በየአሥራ አንድ አንጓው ከላሜራ የተቆረጠ ጅግራ በቡሎን ታሰረ። ጅግራው እግሩ ላይ የመስኮት ማጠፊያ አለው፣ ከማጠፊያው ሥር ደግሞ እንደ ክብደት የቡሎን ዳዶ ይንጠለጠላል፤ እሱ ነው የሚያቆመው። ሲመታ ወደ ኋላ ይተኛል፣ እንደተኛ ዞሮ ከመጋረጃው ጀርባ ሲደርስ ከታች ዘንበል ብሎ የተበየደ ዘንግ ያገኘዋል። ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ቀና ይላል፤ ተመልሶ ከፊት ሲመጣ ቆሞ ነው። ይህን ዘንግ ኢድሪስ «ማንሻ» አለው። መከራችን ግን ክብደቱ ነበር። ዳዶው ከከበደ ጅግራው ተመትቶም አይወድቅም፤ ከቀለለ ካቴናው ሲንቀጠቀጥ ብቻውን ይተኛል። አንድ ዳዶ ስንጨምር፣ ግማሹን ስንሞርድ አንድ ወር አለቀ። አሁን ማሽኑን የገዛው የባዛሩ ሰውዬ ምን አድርጓል መሰላችሁ? ማጠፊያዎቹን በሽቦ አሥሯቸዋል፤ እንዳይወድቁ፣ ሽልማት እንዳይሰጥ። ለዳዶው ያጣነውን እንቅልፍ ሳስበው ይህ ብቻውን ያበሳጫል።

ከጅግሮቹ በላይ አንድ ከርከሮ ነበር። ኢድሪስ «ከርከሮ እንደ ወፍ አይሄድም፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ደግሞ ይሮጣል» አለ። እንዴት ብረት እንዲያስብ ይደረጋል? ትንሿን ፑሌጃ ከመሐሏ ሳይሆን ፈቀቅ ብሎ በሳት። በዚያ ቀዳዳ ላይ ስትዞር ክንዷ ከርከሮውን ወዲያና ወዲህ ትስበዋለች፤ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። ጠመንጃው ቀርከሃ ነበር። እዚህ አገር ቀርከሃ ሞልቷል፣ ቀጥ ያለ ግን ጥቂት ነው፤ ኢድሪስ ከመቶ አንዱን ይመርጥና አንጓውን በጋለ ብረት ይበሳዋል። የሚገፋው የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው፣ ጥይቱ በፀሐይ የደረቀ የሸክላ ኳስ። ኳሶቹን የምታድቦለቡለው ሚስቱ ሐዋ ናት፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም ነበር። ማሽኑን የማዞረው እኔ ነኝ፣ በፔዳል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ። ኢድሪስ ከባድ የጋሪ ጎማ ጨመረበት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ዘመድህ ሲመጣ እግርህ ይሰንፋል። ጎማ ዘመድ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ጎማ ከተነሳ በኋላ ላዘግይ ብል እንኳ አይታዘዘኝም።

ሦስት ተኩስ በስሙኒ ነበር። ሽልማቱ ከጀርባው ሥዕል ያለበት የኪስ መስታወት፣ ማበጠሪያ ወይም ከረሜላ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ የኛ ሰዎች ከሩቅ ቆመው ያዩ ነበር፣ የነሱም ሰዎች ከሩቅ። ቀድማ ጠመንጃ ያነሳችው ሐዋ ናት። ቶቧን ትከሻዋ ላይ ወርወር አድርጋ ከርከሮውን በሁለተኛው ጣለችው። ከመንደራችን አንድ ሽማግሌ፣ ወሎ ሳሉ በአዳኝነታቸው የታወቁ፣ ይህን አይተው መቆም አልቻሉም። ሦስቱንም ሳቱ። ሐዋ ወደሳቸው ዞራ፣ «ያለበት አትምታ። የሚቆምበት ምታ» አለቻቸው በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። እንዳለችው አድርገው መቱት። እኚያ ሰው ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ቅዳሜ ማር ይዘውላት ይመጡ ነበር። ከጥቂት ወር በኋላ አንድ ሰልፍ ብቻ ነበር፤ ጋቢ የለበሰውም፣ ቶብ የለበሰችውም፣ ከባምባሲ የመጣው ኦሮሞም እዚያው እየተገፋፋ ይቆማል። በጭነት መኪና ሆሞሻም መንጌም ይዘነው ሄደናል። መንጌ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ውለው እግራቸው ሳይደርቅ መጥተው ይሰለፉ ነበር። ማንሻው እየሠራ፣ የወደቀው እየተነሳ እስኪመሽ እንውላለን።

ከዚያ የመንግሥት በዓል መጣ። ከበዓሉ ኮሚቴ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ማንጎው ሥር መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ሞቷል፣ ልጆቹ እዚሁ አሉ። ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው ሰጠኝ። ጥምጣም የጠመጠመ፣ ረጅም ነጭ የለበሰ። «ለበዓሉ ወፍ አንፈልግም፤ ሕዝቡ ጠላቱን ይምታ» አለኝ። ኢድሪስ ያን ቀን ሆሞሻ ሄዷል። እኔም እሺ አልኩ። ሰውዬው የሚፈራ ሰው ነበር፣ እኔም ፈራሁ፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። ላሜራ አንስቼ በመቀስ ቆረጥኩ። የጥምጣሙን ዙሪያ ስቆርጥ ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም፤ እጄ የሚያውቀው ጥምጣም አንድ ነው፣ በየቀኑ ከፊቴ ይቀመጣል።

ኢድሪስ በማግስቱ መጥቶ የላሜራውን ሰው ከማንጎው ግንድ ላይ ተደግፎ አገኘው። ብዙ አየው። እጁን ወደ ራሱ ጥምጣም ሰደደና መለሰ።

«ይሄ ማን ነው?»

«ጠላት ነው አሉኝ።»

«ስም አለው?»

«የለውም።»

ተቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ይመር፣ ጅግራ ይወድቃል፣ ኋላ ሄዶ ይነሳል፤ እኔ ማንሻ ሠርቻለሁ። ሰው ማንሻ የለውም» አለኝ። ከዚያ መቀሱን ከእጄ ወስዶ ያን ሰው ከወገቡ ቆረጠው። ሁለት ጅግራ ወጣው። ለኮሚቴው ሰው ራሱ ሄዶ ላሜራ አልቋል አለ። የዚያን ዓመት በዓል ላይ እንዳንታይ ተከለከልን፤ ሌላ አልደረሰብንም። ላሜራውን ማን እንደቆረጠው ግን ኢድሪስ ለማንም የተናገረ አልመሰለኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ዓመታት ሄዱ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ስሙኒም ዋጋ አጣ። ሰው ሁሉ አሁን ሌላ ጊዜ ነው ይል ነበር። ሌሎች ሰዎች መጡ፤ እነዚህ ካኪ አልለበሱም። ወደ ኢድሪስ ነው የመጡት። እነሱም ወረቀት ይዘዋል። ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ። «አሁን ጊዜው የእናንተ ነው» አሉት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ፔዳሉ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ኢድሪስ ወረቀቱን አየና፣ «ይሄ ይመር ነው» አላቸው።

«ይመር ማነው?»

«ወንድሜ። ማሽን የሚያዞር። እኔ እሱን አልመታም፣ ለሰውም አላስመታም።»

ማሽኑን በዚያው ቀን በመኪና ጫኑት፣ ኢድሪስንም አብረው። እኔን ማንም አልነካኝም። መጋረጃው ተነስቶ ፔዳል በሌለበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ክረምቱን ሙሉ አስረው ሲለቁት ከስቶ፣ እያሳለ መጣ። ሁለተኛውን ክረምት አልጨረሰም። ማሽኑ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሐዋ ልጅ ስትድር፣ ልጅ ስትቀብር፣ ሁሉ ጊዜ ቤቷ አለሁ። «ይመር ወንድማችን ነው» ትላለች ለሰው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር መቀሱ ትዝ ይለኛል፣ ምላሴ ግን አይፈታም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከባዛሩ በቀጥታ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ዛሬ ሰባ ሳይሞላት አይቀርም፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍል ነበር።

«ይመር፣ ፊትህ ጥሩ አይደለም። ምን ሆነ?» አለችኝ።

ያየሁትን ነገርኳት። ሁለቱን ሰልፍ፣ ጥምጣሙን፣ ጋቢውን። ያኔ ካልተናገርኩ ሞቼ እንደምቀር አወቅሁ። «ሐዋ፣ የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኳት። «በዚያ በዓል ጊዜ። የኢድሪስን ጥምጣም አስቤ ነው የቆረጥኩት።»

በቆሎውን አስቀመጠች። «አውቃለሁ። ኢድሪስ ነገረኝ፣ በዚያ ቀን።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«አዎ። እኔ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ቤቴ አይምጣ አልኩት። እሱ፣ ‹ፈራ፤ ተይው፣ ነገ እኔም እፈራ ይሆናል› አለኝ።» ከዚያም፣ «እሱ ግን አልፈራም» አለች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ እኔም አልለመንኳትም። ተነስታ ዱላዋን ፈለገች። «ሂድ፣ ባጃጅ ጥራ» አለችኝ።

ባዛሩ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ረዝሟል። ሐዋ ማንንም አላናገረችም። የባለቤቱን የፕላስቲክ ወንበር አንስታ፣ ከተኳሾቹ ፊት የተወጠረውን ገመድ በዱላዋ ከፍ አድርጋ አለፈችና ከማሽኑ ፊት፣ ከጠመንጃዎቹ ትይዩ ተቀመጠች። የላሜራ ሰዎቹ ከራሷ በላይ ይዞራሉ። ጧ ይላል ካቴናው። እኔ ገመዱ ጋ ቆምኩ። ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ነው የቆምኩት፤ በዚያች ደቂቃ በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። አጎንብሼ ገባሁ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ይነሱ፤ ጥይት ይመታዎታል» አለች ጠመንጃ የያዘች አንዲት ወጣት።

«ተኩስ» አለቻት ሐዋ። «ይሄ ሰውዬ ባሌ ነው» በዱላዋ ወደ ላይ፣ ወደ ጥምጣሙ አሳየች። «ይሄ ደግሞ እሱ ነው» ወደ ጋቢው፣ ከዚያ ወደ እኔ። «እኛ ትልቅ ነን፣ አንሮጥም። ከዚህ በላይ ቀላል የለም። ተኩስ።»

ልጅቷ ጠመንጃውን አስቀመጠች። ከኋላዋ የነበረው ሰውም አላነሳውም። አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ሰልፉ ሳሳ። ባለቤቱ መጀመሪያ ጥበቃ እጠራለሁ አለ፤ ጥበቃው መጣና ሐዋን ሲያይ ቆቡን አውልቆ ቆመ። በመጨረሻ ባለቤቱ ሞተሩን አጠፋ፣ ፒንሳ አምጥቶ አንድ በአንድ ሰዎቹን አወረዳቸው። አሥራ ሁለት ነበሩ።

«ምን ልስቀል ታዲያ አባባ? ልጆች አሉኝ እኮ» አለኝ ሲጨርስ።

ሐዋን ደግፌ አነሳሁና ወጣን። ምናልባት ልመልስለት ይገባ ነበር። ጅግራ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ስንት ዳዶ እንደሚንጠለጠልበት ከእኔ በቀር የሚያውቅ በዚህ አገር የለም። ግን ተናድጄ ነበር፣ ንዴቱ አሁንም አልለቀቀኝም።

ዛሬ ጠዋት አንድ የማውቀው ነጋዴ ከባምባሲ ደወለልኝ። ሰውዬው ማሽኑን ጭኖ እዚያ ሄዷል፤ ሸራውን ወጥሯል፣ ሰዎቹንም መልሶ ሰቅሏቸዋል፤ ሰልፉም ሁለት ነው አለኝ። ወዲያው ሄጄ ለሐዋ ነገርኳት። መኪናው ስንት ሰዓት ይነሳል ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልኳት። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«እዚያ ወንበር ይኑር አይኑር አናውቅም» አለችኝ። «ሁለት ይዘህ ና።»